እርሳው የተባለ ሞት፦ ሃርቪ ኩሺንግና የሰመመን ክትትል አጀማመር

ተማሪው ከአዳራሹ መቀመጫ ተጠርቶ ወረደ። ቦታው ቦስተን የሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሲሆን ጊዜው የ1890ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሃርቪ ኩሺንግ ያኔ የሐርቫርድ የሕክምና ተማሪ ነበር። ሰመመን ሰጥቶ አያውቅም። ከቀዶ ሕክምና አዳራሹ ጎን ወዳለች ትንሽ ክፍል አስገቡትና አንድ አዛውንት ታማሚን እንዲያስተኛ አዘዙት። ስለ ሰውየው ሕመም የነገረው አልነበረም። አንዲት ነርስ ገብታ መርፌ ስትወጋቸው አየ። ከዚያ በኋላ አጠገቡ የቀረው አንድ የሆስፒታሉ ረዳት ሠራተኛ ብቻ ነው። ኤተር የሚባለውን ማስተኛ መድኃኒት እንዴት እንደሚያሸታቸው የመራው ያ ሠራተኛ ነበር።

አዛውንቱ ቶሎ አልተኙም። ያቅለሸልሻቸዋል፣ ይተናነቃቸዋል፤ ከአዳራሹ ደግሞ ታማሚው ይምጣ የሚል ጥሪ በላይ በላዩ ይመጣል። ለተማሪው ጊዜው የማያልቅ መሰለው። በስተመጨረሻ ተኝተዋል ተብሎ በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፉ ገቡ፤ ቀዶ ሕክምናው ተጀመረ። ወዲያው ከአፋቸው ብዙ ፈሳሽ ገንፍሎ ወጣ። አብዛኛውን መልሰው ወደ ሳንባቸው ሳቡት፤ በዚያው አረፉ።

ኩሺንግ ጥግ ይዞ ቆመ። ሰው ገደልኩ ብሎ ሐፍረትና ጸጸት እያቃጠለው ሳለ ዞር ብሎ ያየው እንኳ አልነበረም። የተነገረው ነገር ደግሞ ከሞቱ ባልተናነሰ አስደነገጠው፦ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፣ ሰውየው የታነቀ ቡአ ነበረባቸው፣ ሌሊቱንም ሲያስታውኩ ነው ያደሩት፣ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ እርሳውና ትምህርትህን ቀጥል። ትምህርቱን ቀጠለ። በ1920፣ ስሙ የታወቀ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከሆነ በኋላ፣ ታሪኩን በደብዳቤ ሲያነሳው ግን አንድም ቀን እንዳልረሳው ጻፈ።

እኔ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። የኩሺንግ ስም ሲነሳ አብዛኛው ሐኪም የሚያስታውሰው የአንጎል ዕጢንና በስሙ የሚጠራውን የሆርሞን በሽታ ነው። እኔ ግን በየቀኑ የማገኘው ሌላ ቦታ ነው። የልብ ምትና የደም ግፊት ነጥብ በነጥብ የምሞላበት የሰመመን ቻርት፣ ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ የማይለየው የደም ግፊት መለኪያ፣ ሕፃናት ሲተኙ ደረታቸው ላይ በፕላስተር የማጣብቀው ማዳመጫ፦ እነዚህ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገቡት በዚህ ሰው ዙሪያ ነው። አንዳንዱን እሱ ፈጠረው፣ አንዳንዱን ከሌላ አገር አመጣው፣ አንዱን ደግሞ አብሮት የሠራ ሰው አወጣለት። መነሻቸው ያች ትንሽ ክፍል ናት ብዬ አምናለሁ።

አዛውንቱ ለምን ሞቱ?

ቡአ ሲታነቅ ወደ እብጠቱ የገባው አንጀት ይዘጋል። የተዘጋ አንጀት ይዘቱን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ጨጓራ በፈሳሽ ይሞላል። ሌሊቱን ሙሉ ያስታወኩት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲተኛ ጉሮሮውን የሚጠብቀው የመሳልና የመዋጥ ምላሽ ይጠፋል። ያለ ሰመመን ትን ሲለን እንስላለን፤ በሰመመን ውስጥ ትን ያለው ሰው አይስልም፣ ዝም ብሎ ይስባል። ኤተር ደግሞ ሽታው የሚያንገሸግሽ፣ አክታና ምራቅ የሚያበዛ፣ ለማስተኛት ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው። ስለዚህ የአዛውንቱ ማቅለሽለሽና መተናነቅ ማስጠንቀቂያ ነበር። ተማሪው ማንበብ አልቻለም፤ የሚያነብለትም አልነበረም።

ዛሬ እንዲህ ያለ ታማሚ ሲመጣልን አስቀድመን በአፍንጫ ቱቦ ጨጓራውን እናጎድላለን፤ በደም ሥር መድኃኒት በሰከንዶች ውስጥ እናስተኛለን፤ እንግሊዛዊው ሴሊክ በ1961 እንዳስተማረው ረዳታችን የጉሮሮውን ቀለበት ተጭኖ ይይዝልናል፤ ከዚያ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለውን ቱቦ ወደ አየር ቧንቧው እናስገባለን። ለዚያ ተማሪ ከእነዚህ አንዱንም ያስተማረው አልነበረም፤ አብዛኞቹም ገና አልታሰቡም።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ኩሺንግ በኋላ ካመጣቸው የክትትል ዘዴዎች አንዱም እኚህን አዛውንት አያድናቸውም ነበር። የልብ ምት መመዝገብ ትውከትን አያቆምም። የደም ግፊት መለኪያም ሳንባን ከፈሳሽ አይጠብቅም። የሚያድናቸው ሌላ ነገር ነበር፦ ሌሊቱን ሲያስታውኩ ማደራቸውን የሚያውቀውና ኤተሩን የሚሰጠው ሰው መነጋገራቸው። መረጃው በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበር። ለተማሪው የደረሰው ሰውየው ከሞቱ በኋላ፣ ለዚያውም እንደ ማጽናኛ ሆኖ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይቆጨኛል፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ወሬ ነበር።

ታዲያ ተማሪው ለምን ወደ ልብ ምት ሄደ? የሆስፒታሉን አሠራር መለወጥ አይችልም። ታማሚ የሚመርጠው እሱ አይደለም። ሊለውጥ የሚችለው የገዛ እጁንና ዓይኑን ብቻ ነበር።

ይህ የሆነው ሰመመን ገና እንግዳ በሆነበት ስፍራ አይደለም። ዊልያም ሞርተን በዚሁ ሆስፒታል ኦክቶበር 16 ቀን 1846 በአደባባይ ኤተር ሰጥቶ ዓለምን ካስገረመ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ኤተር የሚሰጠው ከሁሉ የሚያንሰው ሰው ነው፤ ተማሪ ወይም ገና የጀመረ ተለማማጅ። ምክንያቱ ይገባኛል። ኤተር ታጋሽ መድኃኒት ነው። ሌላው ማስተኛ መድኃኒት ክሎሮፎርም ልብን በድንገት ሊያቆም ሲችል፣ ኤተር ግን ሰውየው በጣም እስኪሰምጥ ድረስ ትንፋሹንም የደም ዝውውሩንም ደግፎ ያቆያል። የመድኃኒቱ ትዕግሥት የሰዎቹን ቸልታ ለብዙ ዓመት ሸፍኖላቸዋል።

እራት የተወራረዱበት ወረቀት

ኩሺንግ ኤርነስት አሞሪ ኮድማን የሚባል የክፍል ጓደኛ ነበረው። ሁለቱ ከእኛ ማን የተሻለ ሰመመን ይሰጣል ብለው በእራት ተወራረዱ። መለኪያቸው ቀላልና ጥብቅ ነበር፦ ታማሚው ወደ አልጋው ሲመለስ ሲጠሩት መልስ የሚሰጥ፣ ከዚያም በኋላ የማያስታውክ ከሆነ ሰመመኑ ጥሩ ነው። ትውከት ከመመዘኛው መግባቱን ልብ በሉ። ለእኔ ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም።

ውርርዱን የሚዳኝ ማስረጃ ያስፈልጋል። ኮድማን በኋላ እንዳስታወሰው መዝገብ እንዲይዙ ያበረታታቸው ሐሪንግተን የተባለ የሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1894 መጨረሻና በ1895 የኤተር ቻርት ብለው የጠሩትን ወረቀት መሙላት ጀመሩ። ሰዓቱ በአግድም ይሄዳል፤ የልብ ምቱና ትንፋሹ በነጥብ ይቀመጣል፤ ነጥቦቹ ሲያያዙ የቀዶ ሕክምናው ጉዞ መስመር ሆኖ ይታያል። የሰውነት ሙቀትም ይመዘግቡ ነበር። ወረቀቶቹ ሳይጠፉ ቆይተው በ1940 የዚያው ሆስፒታል የሰመመን መምህር ሄንሪ ቢቸር የመጀመሪያዎቹ የሰመመን መዝገቦች ብሎ አሳተማቸው።

ወረቀት እንዴት ፈጠራ ይሆናል የሚል ይኖራል። እኔ ከኩሺንግ ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ከዚያ በፊትም ኤተር ሰጪው የታማሚውን ትርታ በጣቱ ይዳብስ ነበር። ጣት ግን ይዳብስና ይረሳል። ቀዶ ሐኪሙ ሲጮህ፣ ደም ሲፈስ፣ በር ሲከፈት ሐሳብ ይበተናል፤ ሐሳብ ከተበተነ ጣቱ ትርታው ላይ ቢኖርም የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ግን ይጠብቅሃል። ካልሞላኸው ክፍተቱ ነገ በጠዋት ለሁሉም ይታያል። ኩሺንግ ራሱ በደብዳቤው እንዳለው ሁለቱም ከጠበቁት በላይ የሠለጠኑት ትርታውን ሳያቋርጡ ለመመዝገብ ሲሉ ታማሚውን በቅርብ መከታተል ግድ ስለሆነባቸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። የልብ ምት 110 ነው ቢሉኝ ብዙ አይነግረኝም፤ ፈርቶ የገባ ሰውም 110 ይሆናል። 84 የነበረው 92፣ ከዚያ 101፣ አሁን 110 ሆነ ቢሉኝ ግን ብድግ እላለሁ፤ ወይ እየደማ ነው፣ ወይ ሰመመኑ እየሳሳ ነው። አንድ ቁጥር ዜና ነው፣ የቁጥሮች መስመር ታሪክ ነው። ታሪኩ ከተጻፈ ደግሞ ታማሚው ቢሞት እንኳ ምን ሆኖ ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለአዛውንቱ ይህን መጠየቅ የሚያስችል አንድ መስመር እንኳ አልነበረም፤ የቀረው የተማሪው ትዝታ ብቻ ነው።

ኮድማንን እንዲሁ ማለፍ አይሆንልኝም። ይህ ሰው የወረቀቱን መንፈስ እስከ መጨረሻው ተከተለው። እያንዳንዱ ታማሚ ከወጣ በኋላ ምን እንደሆነ ሆስፒታሉ ተከታትሎ ይመዝግብ፣ ስሕተቱንም ለሕዝብ ይናገር ብሎ ተነሳ። የራሱን ትንሽ ሆስፒታል ከፍቶ ከ1911 እስከ 1916 የወጡለትን 337 ታማሚዎች ተከታትሎ 123 ስሕተቶችን መዝግቦ በይፋ አሳተመ። ባልደረቦቹ አልወደዱለትም። በ1914 ከማሳቹሴትስ ጄኔራል ለቀቀ፤ ሐሳቡም ተቀባይነት ያገኘው ዘግይቶ ነው።

ቡአው እንደገና

ኩሺንግ በ1895 ተመርቆ፣ አንድ ዓመት በማሳቹሴትስ ጄኔራል ከሠራ በኋላ በ1896 ወደ ባልቲሞር ሄዶ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በዋና ቀዶ ሐኪሙ በዊልያም ሆልስቴድ ሥር ገባ። እዚያ ካሳተማቸው የመጀመሪያ ጽሑፎች መካከል በ1898 እና በ1900 የወጡት ስለ ምን ነበሩ? ቡአን ታማሚውን ሳያስተኙ በኮኬይን አደንዝዞ ስለ መጠገን። በብሽሽት በኩል የሚያልፉትን ነርቮች እየፈለገ፣ መድኃኒቱን በቀጥታ እነሱ ላይ እየወጋ፣ ኤተር የማይችሉ ደካማ ታማሚዎችን ነቅተው ሳሉ ይሠራላቸው ነበር። ነቅቶ ያለ ሰው ይስላል፤ ትን ቢለው ራሱን ይጠብቃል። አዛውንቱን በእርግጥ ሊያድናቸው ይችል ከነበሩት መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ኩሺንግ እሳቸውን እያሰበ ነው የሠራው ብዬ መማል አልችልም፤ ግን የመረጠውን በሽታ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ1902 ደግሞ እጅ ወይም እግር ሲቆረጥ ትላልቆቹን ነርቮች አስቀድሞ በኮኬይን ማደንዘዝ ሰውነቱ ከሚደርስበት ድንጋጤ (ሐኪሞች ሾክ ከሚሉት የደም ዝውውር መድከም) እንደሚጠብቀው ጻፈ። የአካል ክፍልን ብቻ ማደንዘዝ ዛሬ የሚጠራበትን የእንግሊዝኛ ስም ያወጣው እሱ እንደሆነ ይነገራል። ይህን ሐሳብ ለማሳየት ግን አንድ ነገር ያስፈልገው ነበር። ነርቭ ሲቆረጥ ሰውነት ተናወጠ ማለት ቀላል ነው፤ መናወጡን በቁጥር ማሳየት ግን የልብ ምት ብቻውን አይችልም።

ከፓቪያ የመጣው ጎማ

ያንን ቁጥር ያገኘው አውሮፓ ነው። ከ1900 እስከ 1901 ስዊዘርላንድ በርን ከተማ ከቀዶ ሐኪሙ ከቴዎዶር ኮኸርና ከፊዚዮሎጂ ሊቁ ከሁጎ ክሮኔከር ጋር ሲሠራ፣ የራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ምን እንደሚሆን በእንስሳት ላይ መረመረ። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የደም ግፊትም ከእሱ በላይ ለመሆን እየተከተለ ይወጣል፤ የልብ ምት ይዘገያል። አንጎል ደም እንዳይቋረጥበት የሚያደርገው ትግል ነው። ይህ ምላሽ ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ከምንፈልጋቸው ምልክቶች አንዱ ነው። እንግዲህ የደም ግፊት ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ገብቶታል። ግን በላቦራቶሪ እንደሚደረገው የሰውን ደም ሥር ከፍቶ መለኪያ መሰካት አይቻልም።

በ1901 ጣሊያን ፓቪያ ደረሰ። በሳን ማቴዎ ሆስፒታል በየታማሚው አልጋ አጠገብ ቀላል መሣሪያ አየ። ሺፒዮኔ ሪቫ-ሮቺ በ1896 ያሳተመው የደም ግፊት መለኪያ ነበር። ክንድ ላይ የሚጠመጠም ጎማ፣ የሚነፋ ትንሽ ፊኛ፣ ቁመቱ በሚሊሜትር የሚነበብ የሜርኩሪ ቱቦ። ጎማው ሲነፋ የክንዱ ደም ሥር ይዘጋል፤ አንጓ ላይ ያለው ትርታ ይጠፋል። አየሩ ቀስ ብሎ ሲለቀቅ ትርታው የሚመለስበት ቁጥር ትልቁ የደም ግፊት ነው። ደም ሥር አይከፈት፣ ሰው አይታመም። ኩሺንግ መሣሪያውን በማስታወሻው ሣለው፤ የክንድ ጎማውንም ናሙና ይዞ ባልቲሞር ተመለሰ።

ከዚያ የኤተር ቻርቱ አዲስ መስመር አገኘ። ትርታና ትንፋሽ የነበረበት ወረቀት የደም ግፊትም ይነጠብበት ጀመር። ኩሺንግ በ1903 ባሳተመው ጽሑፍ የደም ግፊት መለካት በቀዶ ሕክምና ክፍልም በመኝታ ክፍልም የዘወትር ሥራ ይሁን ብሎ ተከራከረ። ለተመረጠ ታማሚ ወይም ለምርምር ብቻ አላለም። አዲስ ነገሩ የመሣሪያው መኖር ሳይሆን ለሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ፣ ገና ችግር ሳይመጣ መለካት ያለበት መሆኑ ነው። የቻርቱ ትምህርት ነው፤ ቀድሞ ምን እንደነበረ ካላወቅህ አሁን ያለው ምን እንደሆነ አታውቅም።

የሐርቫርድ ፍርድ

በዚያው በ1903 ኩሺንግ ቦስተን ሄዶ ስለ መለኪያው ተናገረ። በዚያን ጊዜ ስለ ድንጋጤ የሚመራመረው የክሊቭላንዱ ጆርጅ ክራይልም በጉዳዩ ተናጋሪ ነበር። የሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1904 የደረሰበት ድምዳሜ፦ የደም ዝውውርን ሁኔታ ለማወቅ የሠለጠነ ጣት ከማንኛውም በአየር ከሚሠራ መሣሪያ እጅግ ይበልጣል።

ይህን ውሳኔ ዛሬ ላይ ሆኖ መንቀፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ላደምጣቸው እሞክራለሁ። የሪቫ-ሮቺ ጎማ ስፋቱ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ጠባብ ጎማ ወፍራም ክንድ ላይ ግፊቱን አጋንኖ ያሳያል። የሚለካው ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው፤ ታችኛው ቁጥር በቀላሉ የተገኘው በ1905 ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ጎማው ሥር ማዳመጫ አስቀምጦ ድምፁን ሲሰማ ነው። ቁጥሩ ወርዶ ቢገኝስ? የዚያን ጊዜ ሐኪም በእጁ የነበረው ጥቂት ነው፤ የጨው ውኃ፣ ገና በ1901 ተጣርቶ የወጣ አድሬናሊን፣ ክራይል የሚሞክረው በአየር የሚነፋ የጎማ ልብስ። ጣትም ቢሆን ዋጋ አለው። ትርታው ሙሉ ነው ቀጭን፣ ቆዳው ሞቃት ነው ቀዝቃዛ፣ ይህን ዛሬም ማሽን እንደ ጣት አይነግረኝም።

የተሳሳቱት ግን በአንድ ትልቅ ነገር ነው። የሠለጠነ ጣት የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዚያች ትንሽ ክፍል ኤተር የሚሰጠው ጣት የማን ነበር? ሰመመን ሰጥቶ የማያውቅ የተማሪ። መለኪያው ከሊቁ ጣት ላይበልጥ ይችላል፤ ከተማሪው ጣት ግን ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ኮሚቴው ራሱን ከመሣሪያው ጋር አወዳደረ፤ ታማሚውን የሚያገኘው ግን እሱ አልነበረም። ደግሞም የጣት እውቀት ወረቀት ላይ አይቀመጥም። ትርታው ትንሽ ደክሟል ብሎ የተናገረ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምን ያህል ደክሞ እንደነበር ራሱም አይነግርህም።

ኩሺንግ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1912፣ የዚያው የሐርቫርድ የቀዶ ሕክምና መምህርና የአዲሱ የፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ዋና ቀዶ ሐኪም ሆኖ ወደ ቦስተን ተመለሰ። በ1986 ደግሞ በሐርቫርድ ሥር ያሉ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ያጸደቁት የሰመመን ክትትል ደንብ ታተመ። በሰመመን ምክንያት የደረሱ አደጋዎች ሲመረመሩ አብዛኞቹ ጠንከር ባለ ክትትል ሊታዩ ይችሉ እንደነበር ተገኝቶ ነበር። ከደንቡ አንዱ አንቀጽ፦ የደም ግፊትና የልብ ምት ቢያንስ በየአምስት ደቂቃው ይለካ። ጣት ይበልጣል ከተባለ 82 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በመካከሉ ስንት ታማሚ አለፈ ብዬ አስባለሁ።

ጆሮ ላይ የታሰረው ልብ

የአንጎል ቀዶ ሕክምና ለሰመመን ሰጪ ፈታኝ ቦታ ነው። ጭንቅላቱን ቀዶ ሐኪሙ ወስዶታል። ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ የከንፈሩን ቀለም ማየት፣ የዓይኑን ብሌን መመርመር ያስቸግራል። ኩሺንግ ሥራው ለረጅም ሰዓት የሚሄድ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሐኪም ነበር። ስለዚህ ሰመመኑን በየቀኑ የሚቀያየር ተለማማጅ ሳይሆን ሥራዬ ብሎ የያዘው፣ ልምድ ያለው ሰው እንዲሰጥለት አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ያችን ትንሽ ክፍል ለሚያስታውስ ሰው ይህ የሚጠበቅ ነው።

ጆንስ ሆፕኪንስ ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረው ሰመመን ሰጪ ግሪፊዝ ዴቪስ አንድ ዘዴ አወጣ። የማዳመጫውን ጠፍጣፋ ራስ በታማሚው ደረት ላይ፣ ልብ ባለበት በኩል፣ በፕላስተር አጣበቀው፤ ረጅም ቱቦ ቀጠለለት፤ ሌላውን ጫፍ የስልክ ኦፕሬተሮች እንደሚያደርጉት ዓይነት ማሰሪያ ራሱ ላይ አስሮ ጆሮው ላይ አኖረው። እጆቹ ነጻ ናቸው፤ ልቡና ትንፋሹ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጆሮው ውስጥ ነው። ኩሺንግ በ1908 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ዘዴ ሲገልጽ ፈጠራው የዴቪስ መሆኑን ስሙን ጠርቶ መሰከረ። ይህን ስላደረገ አከብረዋለሁ፤ ሰመመን ሰጪን በስሙ የሚያመሰግን ቀዶ ሐኪም ያኔ ብዙ አልነበረም።

ማዳመጫው ከመለኪያው በምን ይለያል? መለኪያው በየጊዜው ይጠይቃል፣ ማዳመጫው ሁልጊዜ ይነግራል። ልብ ስትደክም፣ በተለይ በሕፃናት ላይ፣ ድምፁ ይርቃል፤ ጥርት ያለው ድም ድም በብርድ ልብስ እንደተሸፈነ ይሆናል። በአንጎል ሥራ ጊዜ ከተከፈተ ደም ሥር አየር ገብቶ ልብ ጋ ከደረሰ እንደ ወፍጮ የሚንገዋለል ድምፅ ይሰማል። ትንፋሽ ሲጠብ ያፏጫል፤ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሲገባ ይንኮራኮራል። ይህ የመጨረሻው ለአዛውንቱ የመጣው ነው።

ተማሪ ሳለሁ ይህን ዘዴ የድሮ ዘመን ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ስክሪን እያለ ማዳመጫ ምን ይሠራል እል ነበር። ሥራ በጀመርኩበት ሆስፒታል አንድ ሌሊት ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ የሰባት ዓመት ልጅ ገባ። አብሮኝ ያደረው ከእኔ በብዙ ዓመት የሚበልጥ ባልደረባዬ ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ልጁ ከተኛ በኋላ ሳይጠይቀኝ ማዳመጫውን ከግራ ጡቱ በታች በፕላስተር አጣበቀና የጆሮ ማስገቢያውን ሰጠኝ። «አድርገው ልጄ፣ ጆሮህ ሥራ አይፍታ» አለኝ። ለእሱ ብዬ አደረግሁት።

ሆድ ዕቃው ተከፍቶ ሳለ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ አልተነሳም። ሞኒተሩ ባትሪው ቀድሞ የደከመ ነበርና አብሮ ጠፋ። ቀዶ ሐኪሙ በስልክ መብራት ሥራውን ቀጠለ፤ ጋሼ ከረጢቱን በእጁ እየጨመቀ ልጁን ያስተነፍሳል። እኔ ጆሮዬ ውስጥ ልጁ ነበረኝ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ መራቅ ጀመረ፤ ልቡ አልቆመችም፣ አልተዛባችም፣ ግን ከሩቅ የምትጣራ ሆነች። «ጋሼ፣ ልቡ እየራቀ ነው» አልኩት። ልጁን ያስተኛውን ጋዝ፣ ሃሎቴኑን፣ ወዲያው ቀነሰው፤ ጠብታውንም በሰፊው ከፈትኩት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሆናል፤ ድምፁ ቀስ በቀስ ቀረበ።

መብራቱ ከመምጣቱ በፊት ጋሼ በስልኩ ብርሃን ወደ ቻርቱ ጠቆመኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ የአምስት ደቂቃ ሳጥን አልፎኝ ባዶ ቀርቷል። ልቡን ቆጥሬ በቀጣዩ ላይ ነጥብ አደረግሁ፤ በባዶው ላይ ደግሞ መብራት መጥፋቱን፣ የልብ ድምፅ መራቁን፣ የወሰድነውንም እርምጃ ጻፍኩበት።